ሁለት ድስት፣ አንድ ቅዳሜ

ክቡራን አባቶች፣ ክቡራት እናቶች፤ የሐዘኑ ባለቤት፣ የሟቹ ሚስት እትዬ ተሻለች፤ ጸሎቱን የመሩልን መምሬ ላቀው፤ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ በዚህ ሙቀት አቋርጠው ከመጋላ የመጡት ሐጂ ኢስማዒልና የአፎሻው ሰዎች፤ ከምድር ባቡር የሥራ ልብሳችሁን ሳትለውጡ የመጣችሁ ባልደረቦቹ፤ ሁላችሁም ፀሐዩን ችላችሁ ስለቆማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። ሰዓቱን ያለ ምክንያት አልጠቀስኩም። አቶ ጥላዬ ወልደ ሰንበት በድሬ ዳዋ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የባቡሮችን መግቢያና መውጫ ሰዓት ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። በእሱ ቀብር ላይ ሰዓት የማይጠቅስ ተናጋሪ ቢነሣ፣ ከተኛበት ሆኖ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ሳይል የሚቀር አይመስለኝም።

እኔን የምታውቁኝ በጋዜጣ ሥራ ነው። ከጥላዬ ጋር ሃያ ዓመት ተዋውቀናል። ዛሬ ስለ እሱ የምነግራችሁ ያየሁትንና ከራሱ አፍ የሰማሁትን ብቻ ነው። ሟችን ሲያመሰግኑ ማጋነን ልማድ መሆኑን አውቃለሁ። ጥላዬ ግን ማጋነን አይወድም ነበር። «ባቡሩ አርፍዶ ከሆነ አርፍዷል በል፤ በጊዜው ገብቷል ብትል ተሳፋሪው ቆሞ እያየህ ነው» ይል ነበር።

ጥላዬ ከመሞቱ በፊት አንድ አደራ ሰጥቶኛል። አደራውን እዚህ፣ በመቃብሩ ላይ፣ ሁለቱም ወገን በተገኘበት እንድናገረው ነው ያዘዘኝ። እናገረዋለሁ። ነገሩ ስለ ቅዳሜ ማኅበር ነው። የዚህ ቤተ ክርስቲያን የጽዋ ማኅበርና የመጋላው አፎሻ አብረው በሽተኛ የሚጠይቁበት ማኅበር ከስድስት ሳምንት ወዲህ መቋረጡን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰባተኛው የተዘለለ ቅዳሜ ይሆን ወይስ አይሆን፣ ጥላዬ በመጨረሻዎቹ ቀኖቹ የተጨነቀው ለዚህ ብቻ ነበር። ስለ ሞቱ አልተጨነቀም። ስለ ቅዳሜ ነበር የተጨነቀው።

አደራውን ከመናገሬ በፊት ግን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁበት። ስሳሳት አርሙኝ።

ሰኔ 1952ን ታስታውሳላችሁ? ከባቡር ጥገናው ሠራተኞች አንዱ፣ ዐያንሌ፣ ያረፈበት ሳምንት ነው። ለቅሶው ላይ ሁላችንም ነበርን። የአፎሻው ሰዎች በአንድ በኩል ተቀመጡ። የጽዋ ማኅበራችን ሰዎች በሌላ በኩል ተቀመጡ። መካከላችን አንድ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ነበር። ሦስት ቀን መጣን፣ ሦስት ቀን ሄድን፤ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። በሦስተኛው ቀን ጥላዬ ተነሣ፤ በርጩማውን አንሥቶ መንገዱ መካከል አስቀመጠና ተቀመጠበት። መተላለፊያውን ዘጋው።

«ሐጂ፣ ሦስት ቀን አብረን አለቀስን። ግን አልተነጋገርንም» አለ።

«ምን እንድንነጋገር ፈለግህ?» አሉ ሐጂ ኢስማዒል።

«እሱን አላውቅም።»

ሐጂ ከት ብለው ሳቁ። በለቅሶ ቤት መሆናቸውን ረስተው። «ወላሂ፣ የምትፈልገውን ሳታውቅ መንገድ የዘጋህ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። በመንገድ መዝጋት።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ተመካከሩ። ጥላዬ ከጽዋ ማኅበሩ፣ ሐጂ ከአፎሻው። አፎሻ ማለት መጋላ ውስጥ ሰው ሲሞትም ሲያገባም የሚረዳዱበት ማኅበር መሆኑን ለማታውቁት እንግዶች ልንገራችሁ። ሁለቱ ማኅበሮች አንድ ግብዣ አብረው እንዲያዘጋጁ ተስማሙ። ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንዱን ክርስቲያን ይባርካል፣ አንዱን ሙስሊም ያርዳል። ሁለት ድስት ይጣዳል። ሰው ሁሉ ከየድስቱ ይበላል፣ በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ቀኑን የመቁረጥ ሥራ ለማን ተሰጠ? በከተማው ውስጥ ለቀንና ለሰዓት ከጥላዬ የሚሻል ሰው አለ?

አለ። ማንም ይሻል ነበር።

ጥላዬ ያለፈውን ዓመት ማስታወሻ ደብተሩን ከፈተ። ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 14 ነው። ረመዳን የገባው የካቲት 20 ነው። እንግዲህ የካቲት 11 ከሁለቱም በፊት ነው፣ ቅዳሜም ነው፣ ሥራ በግማሽ ቀን ያልቃል። በቀይ ቀለም አሰመረበት። ባቡር ካቻምና በገባበት ሰዓት ዘንድሮም ይገባል። ጾምም እንደዚያ መሰለው።

የፈቃድ ጥያቄ በጽሑፍ ቀረበ። ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ ሰው ለምን እንደሚሰበሰብ በጥብቅ ይጠየቅ ነበር። መልሱ በሰባተኛው ሳምንት መጣ። ወረቀቱን በእጄ ይዤ አንብቤዋለሁ፤ «ለየካቲት 11 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ለግብዣ ብቻ» ይላል። ለግብዣ ብቻ። ከሥሩ ማኅተም አለ።

ጥላዬ ወረቀቱን ይዞ ወደ መምሬ ላቀው ሮጠ። መምሬ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥላዬ ልጄ፣ ዘንድሮ ጾም የካቲት 6 ይገባል» አሉት። ወደ መጋላ ሮጠ። ሐጂ አነበቡት። «ጨረቃዋ ከታየች የካቲት 10 እንጾማለን» አሉት።

ቀኑ ይለወጥ ቢባል ሌላ ሰባት ሳምንት ነው፤ ያውም ከተፈቀደ። ግብዣው ይቅር ቢባል ደግሞ ጥሪው በየቤቱ ደርሷል። በጎቹ ተገዝተዋል። ታዲያ የተጠራው ሰው ምን አደረገ? እኔ ጠይቄያለሁ። ክርስቲያኖቹ «ሙስሊሞቹ ሊመጡ ነው፤ እኛ ብንቀር ምን ይሉናል?» አሉ። ሙስሊሞቹ «ክርስቲያኖቹ ሊመጡ ነው፤ እኛ ብንቀር ምን ይሉናል?» አሉ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር አንድ ቀን እንኳ ለበጎ ዋለ። ሁሉም መጣ።

ኋላ ሰው ሲያወራ አራት መቶ ነበርን ይላል። አልነበርንም። ቆጥሬያለሁ፤ ስልሳ ሦስት ነበርን። ስልሳ ሦስት ሰው በድንኳን ጥላ ሥር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከጎናችን ሁለት ድስት ይንተከተካል። ሽታው የት ድረስ እንደሚሄድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የሚበላ የለም። የሚናገር የለም። ጥላዬ ሰዓቱን ያያል።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል አንድ ሃምሳ አለቃ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ከእኛ ጋር እዚህ ቆሟል፣ እንደሚስቅም አያለሁ።

«ፈቃዱ ለግብዣ ብቻ ነው» አለ።

«አዎ ጌታዬ» አለ ጥላዬ።

«ግብዣው የታለ?»

«ያውልዎት፣ ሁለት ድስት።»

«ማን ይበላል?»

«ማንም አይበላም። ጾመኞች ነን።»

«የትኞቻችሁ?»

«ሁላችንም።»

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን እንደገና አነበበ። «ሰው ተሰብስቦ ካልበላ ስብሰባ ነው። ስብሰባ ደግሞ አልተፈቀደም» አለ። እውነቱን ነው፤ እንደ ወረቀቱ ከሆነ ትክክል ነበር። ይህን ሲል ሣቅ የሚባል አልነበረም። በዚያ ወራት እንዲህ ያለ ቃል ሰውን ጣቢያ ያሳድር ነበር። አንድ ሰው ከኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጌታዬ፣ እስቲ እርስዎ ይቅመሱልን፤ ግብዣ መሆኑ ይታወቅ» አለ።

«እኔም ጾመኛ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ሃምሳ አለቃው።

ያን ጊዜ ስልሳ አራታችንም ሳቅን። ስልሳ አራተኛው እሱ ነው።

መምሬ እንባቸውን እየጠረጉ «ጥላዬ፣ ጾም እንደ ባቡር በየዓመቱ በቀኑ የሚመጣ መሰለህ?» አሉት። ሐጂ ተቀበሏቸው፤ «ተዉት መምሬ፣ ባቡሩስ መቼ በቀኑ ይመጣል?» የምድር ባቡር ሰዎች ይቅር በሏቸው፤ ቃሉ የሐጂ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ታዲያ ስጋው ምን ይሁን? ሐጂ ናቸው የተናገሩት። «በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው አይጾምም።» መምሬ «በእኛም ለታመመ የንስሐ አባቱ ይፈታለታል» አሉ። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ዐሥር ሰው ተመረጠ። ድስቶቹ ሊነሡ ሲሉ ሐጂ «ቆይ» አሉ። «የራሴን ድስት ከተሸከምኩ ሽታው ይፈትነኛል። የእናንተው ግን ለእኔ ሐራም ነው፤ አይፈትነኝም። እናንተ የእኛን ተሸከሙ፣ እኛ የእናንተን እንሸከም።»

በዚህ ምክንያት፣ ወገኖቼ፣ የቅዳሜ ማኅበር ሕግ ተሠራ። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ድስት ይሸከማል፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን። ኋላ ሰዎች ስለዚህ ሕግ ብዙ ቁም ነገር ተናግረዋል። የሰው አደራ የያዘ ከራሱ ዕቃ ይልቅ ይጠነቀቃል ብለዋል፤ ይህም እውነት ነው። መነሻው ግን የሐጂ ሆድ ነው።

የቀረነው ሰዎች ተቀምጠን ጠበቅን። የሚበላ ስለሌለ ወሬ ተጀመረ። ሐጂ ድስቱን አድርሰው እንደተመለሱ መምሬን አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «እናንተ ስትጾሙ ልባችሁ ምን ይላችኋል?»

መምሬም መለሱ። «ሠላሳ ዓመት ስለ ጾም ሰብኬያለሁ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፤ ያኔውኑ ጽፌዋለሁ። «በመጀመሪያው ሳምንት ሆዴ ይጮኻል። በሁለተኛው ንዴቴ ይጮኻል። ከዚያ ሁለቱም ይደክማቸዋል። ያን ጊዜ የጎረቤቴ ድምፅ ይሰማኛል።»

ሐጂ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኛም ዘንድ ምላሱን ያልጾመ ሰው ከጾሙ የሚያተርፈው ረሃብ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሰዓቱን አላየም። ጥላዬ እንኳ አላየም። እኔ በጋዜጣ ሥራዬ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። ሰው የራሱን ለመናገር ተራ የሚጠብቅበት ሳይሆን የሌላውን ለመስማት የሚጓጓበት ስብሰባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፈቃዱ በአሥራ ሁለት ሰዓት አለቀ። ፀሐይ ግን አልጠለቀችም። ሃምሳ አለቃው «ግብዣው ገና ሊጀመር ነው፤ ሃያ ደቂቃ ጨምሬያለሁ» አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ዳሃቦ፣ የመጋላዋ ተምር ሻጭ፣ ዘንቢል ይዛ ገባች። «ዋሪያ! ይሄን ሁሉ ወንድ ሰብስባችሁ አንዳችሁ እንኳ ተምር አላሰባችሁም?» አለች። ተምር ለሙስሊሙ ማፍጠሪያ ነው፣ ለክርስቲያኑም ጾም ነው። ያን ቀን ሁላችንም አብረን የበላነው እሱን ነው። ዳሃቦ፣ ከሴቶቹ መካከል አይሻለሁ። እድሜ ይስጥሽ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እስከ ነሐሴ 24 ቀን 1961 ዓ.ም. ድረስ ማኅበሩ በየቅዳሜው በዘጠኝ ሰዓት ሆስፒታል ገባ። ከጥላዬ ደብተር ላይ ቆጥሬዋለሁ። አራት መቶ አርባ ስድስት ቅዳሜ ነው። አንድም አልተዘለለም። በጾም በሽሮ፣ በፍስክ በስጋ። ደቻቱ ሞልቶ ሐጂ ማዶ በቀሩ ቀን እንኳ አልተዘለለም። ታስታውሳላችሁ? ጥላዬ በወዲህ ዳር፣ ሐጂ በወዲያ ዳር። ቀይ ጎርፍ በመካከል። የመጋላው ድስት በሕጉ መሠረት ቀድሞ ተሻግሮ ጥላዬ እጅ ገብቷል። ሐጂ በውኃው ላይ «ያ ጥላዬ! ድስቴን አደራ!» ብለው ጮኹ። ጥላዬም «እርስዎ ራስዎን አደራ!» ብሎ መለሰላቸው።

የዚያን ዕለት ሐጂ ስላልነበሩ ጥላዬ ብቻውን የሙስሊሞቹን ክፍል ዞረ። አንድ ሽማግሌን አጎረሰ። ሽማግሌው በልተው ሲጨርሱ «ዱዓ አድርግልኝ» አሉት። ጥላዬ ደነገጠ። «አባቴ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። የማውቀው የእኛን ጸሎት ነው» አላቸው። «አንተ የምታውቀውን በል። እኔ አሚን እላለሁ» አሉት። ጸለየ። እሳቸውም አሚን አሉ።

በማግስቱ ይህን ለሐጂ ሲነግር አብሬው ነበርኩ። አጥፍቶ እንደሆነ ፈርቶ ነበር። ሐጂ «አሚንን ማን ይከለክላል?» አሉት። ከዚያ ወደ ቤቱ ስንመለስ ጥላዬ ያለኝን እነግራችኋለሁ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ጸልያለሁ። ትናንት ግን አንድ ሰው አሚን ለማለት እየጠበቀኝ ስለነበር እያንዳንዱን ቃል አሰብኩት» አለኝ። ጥላዬ የመንፈስ ትምህርቱን ከየት አገኘ ብትሉኝ፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጀምሮ በዚያ ሽማግሌ አልጋ አጠገብ ቀጠለ እላችኋለሁ።

እንግዲህ ወደ ነሐሴ 24 መጣሁ። ይህን ቀን ማንም ማንሣት አይወድም። እኔም አልወድም። ግን አደራ አለብኝ።

ሁለቱ ድስቶች እንዳይሳሳቱ የክርስቲያኑ ነጭ ጨርቅ፣ የሙስሊሙ አረንጓዴ ጨርቅ እንደሚታሰርባቸው ታውቃላችሁ። የዚያን ዕለት ዝናብ ነበር። ጨርቆቹ ረጠቡ፤ በሆስፒታሉ በር ላይ ተፈቱ፣ ተጨመቁ፣ እንደገና ታሰሩ። ሲታሰሩ ተለዋወጡ። አንድ ሙስሊም የመኪና ረዳት ከክርስቲያኑ ድስት ጎረሰ። አንዲት ክርስቲያን እናት ከሙስሊሙ ድስት ጎረሰች። ነገሩ የታወቀው በሁለተኛው ጉርሻ ነው። ሐጂ ለልጁ «ሳያውቅ የበላ ኃጢአት የለበትም» አሉት። መምሬም ለሴትዮዋ ያንኑ አሏት። ሁለቱ በሽተኞች ድነው ወጥተዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያልዳንነው እኛ ነን።

«ጨርቁን ያሰሩት የእነሱ ሰዎች ናቸው» አልን። እነሱም «ያሰሩት የእነዚያ ሰዎች ናቸው» አሉ። «ሆን ብለው ነው» ያለም አለ። ማን እንዳለው አልናገርም፤ ከሁለቱም ወገን ነው። «እንግዲያው እያንዳንዱ ለየራሱ በሽተኛ የየራሱን ድስት ይሸከም» ተባለ። እሺ፤ ተሸከምን ወይ? አልተሸከምንም። ስምንት ዓመት ተኩል የሰው ድስት የተሸከምን ሰዎች የራሳችን ድስት ከበደን። በቀጣዩ ቅዳሜ ከመጋላም፣ የእኛ ሰፈር ከሆነው ከከዚራም ሆስፒታል የሄደ ሰው የለም።

በመስከረም ጥላዬ ታመመ። የት ተኛ? እዚያው ሆስፒታል። ሦስት ቅዳሜ በዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩን አየ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ። ከጎኑ የተኛው ሰው ወደ ግድግዳው ዞረ። ጥላዬ «ቀረብ በል» አለኝ።

አደራው ይህ ነው። እንደ ነገረኝ እነግራችኋለሁ።

«ጨርቆቹን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ሁለቱንም። ዝናብ ነበር፣ ሰው በሩ ላይ ተጨናንቆ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ቸኮልኩ። ጩኸቱ ሲነሣ ወዲያው ገባኝ። ያን ጊዜ እኔ ነኝ ብል አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አፈርኩ። የማኅበሩ መሥራች እየተባልኩ እንዴት ልበል? ነገ እናገራለሁ አልኩ። በማግስቱ የባሰ ከበደኝ። ሳምንቱ ሲጨመር እየከበደ ሄደ። አሁን ሁለቱም ወገን እርስ በርሱ ሲካሰስ ጥፋተኛው እዚህ ተኝቻለሁ።»

«አሁኑኑ ሐጂን ልጥራቸው» አልኩት።

«ጥራቸው» አለኝ። «ባይደርሱልኝ ግን በመቃብሬ ላይ ተናገረው። ሰው የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። ደግሞ ሁለቱም ወገን በአንድ ቦታ የሚገኘው ለለቅሶ ነው።» ይህን ብሎ ፈገግ አለ። ቀጠለና «ቅዳሜ ከተቀበርኩ አታስረዝመው፤ በሩ በዘጠኝ ይከፈታል» አለኝ።

ሐጂ ለዘመድ ለቅሶ ሐረር ወጥተው ነበር። መልእክት ላክሁ፤ የደረሳቸው ግን ሐሙስ ማታ ነው። ትናንት ዐርብ በአምስት ሰዓት ጥላዬ አረፈ። ሐጂ የደረሱት በዘጠኝ ሰዓት ነው። አልደረሱለትም።

እንግዲህ ተናገርኩት። የመጋላ ሰዎች፣ የከዚራ ሰዎች አልበደሏችሁም። የከዚራ ሰዎች፣ የመጋላ ሰዎች አልበደሏችሁም። የቸኮለ ሰው ነው። ያፈረ ሰው ነው። እነሆ ከፊታችን ተኝቷል፣ ይቅር በሉኝ ይላችኋል።

መምሬ ላቀው፣ ምን ይላሉ?

«እግዚአብሔር ይፍታው» ብለዋል።

ሐጂ ኢስማዒል፣ እርስዎስ?

ከኋላ ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ ሐጂ «አውፍ ብያለሁ» ነው ያሉት፤ ይቅር ብያለሁ ማለታቸው ነው። ደግሞ ሌላም ነገር ጨመሩ፤ በመቃብር ላይ እንዴት እንደምደግመው አላውቅም። ግን ጥላዬ ቢሰማው ደስ ይለው ነበርና እደግመዋለሁ። «ይህ ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ ብቻ ተሳሳተ፤ ሁለቱንም በሆዳችን ላይ» ብለዋል።

ሳቁ፣ ሳቁ ግድ የለም። እትዬ ተሻለችም እየሳቁ ነው። ከሳምንታት በኋላ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ላይ አብረው ሲስቁ አየሁ።

አሁን ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነው። ከዚህ እስከ ለቅሶው ድንኳን በእግር ሰባት ደቂቃ ነው። ከድንኳኑ እስከ ሆስፒታሉ ዐሥር ደቂቃ። ዛሬ ጠዋት በድንኳኑ በኩል ሳልፍ የሴቶቹን ሥራ አይቻለሁ። ለለቀስተኛው የከዚራ ሴቶች አንድ ትልቅ ድስት አምጥተዋል። ሙስሊም ለቀስተኛ እንዳይቸገር የመጋላ ሴቶችም አንድ ትልቅ ድስት አምጥተዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ሁለቱ ድስቶች በአንድ ድንኳን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ያመጣቸው ጥላዬ ነው። ምግቡ የተሠራው ለእኛ ነው። እኛ ግን አልታመምንም። ለቀስተኛ ሁለት ሰዓት ቢራብ ምንም አይሆንም፤ ያውም የጾም ልምድ ያለው ለቀስተኛ።

እትዬ ተሻለች፣ ድንኳኑ የእርስዎ ነው። ይፈቅዳሉ?

«ምን ቆማችሁ ትጠይቁኛላችሁ?» ብለዋል።

እንግዲያው መምሬ የመጋላውን ድስት የሚሸከሙ አምስት ሰዎች ይምረጡ። ሐጂ የከዚራውን የሚሸከሙ አምስት ሰዎች ይምረጡ። ጨርቁን እትዬ ተሻለች ይሰሩልን፤ ሁላችንም ቆመን እናያለን።

ጥላዬ፣ ወንድሜ። ሰው የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን እንዲሰማ መካከል ላይ በርጩማ ያስቀመጥክ ሰው። ቀን ተሳስተህ ያስተዋወቅኸን ሰው። ጥፋትህን ለመናገር ድፍረት ብታጣ፣ ሳይነገር እንዳይቀር አደራ ያልክ ሰው። በከዚራም በመጋላም የሚያለቅስልህ ሰው አለ፤ ከሁለቱም ወገን አሚን ይባልልሃል። ልማዱ ቢሆን በአጠገብህ ጥቂት መቆየት፣ አፈሩ እስኪደርቅ እያነሣን እየጣልን ስለ አንተ ማውራት ነበር። አንቆይም። ቅር አይበልህ፤ ቅርም እንደማይልህ አውቃለሁ።

ደህና ሁን፣ ጥላዬ። ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኗል፤ እኛ እንሂድ።